«አላቂ» እና «ቋሚ»፦ የማይበላ ንብረት ትርጉም

አንድ ሕዝብ ስለ ንብረት ያለውን አሳብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሕጉን ከመመርመሩ በፊት ቃሉን ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኛል። ሕግ በዐዋጅ ይወጣል፤ በዐዋጅም ይሻራል። ቃል ግን ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የሕዝቡን ፍርድ ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቶቻችን በየቀኑ የሚነገሩትን፥ ታሪካቸው ግን እምብዛም የማይታሰበውን ሁለት ቃላት፥ ይኸውም «አላቂ» እና «ቋሚ» የተባሉትን፥ ይልቁንም ሁለተኛውን፥ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል።

የግምጃ ቤት ሹም ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ዕቃ በሞዴል 19 ሲገባና በሞዴል 22 ሲወጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ዕቃው አላቂ ነው ወይስ ቋሚ የሚል ነው። ወረቀት፥ ቀለምና ሳሙና አላቂዎች ናቸው፤ ጠረጴዛ፥ ወንበርና ሣጥን ቋሚዎች ናቸው። አላቂውን የወሰደ ሰው በደንቡ ከተጠቀመበት በኋላ ዕቃው የት ደረሰ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጥፋቱ ከአገልግሎቱ ጋር አንድ ነውና። ቋሚውን የተረከበ ግን ዐሥር ዓመት ቢቀመጥበትም ሲዛወር ወይም ሲሰናበት ያንኑ ዕቃ ማስረከብ አለበት። እንግዲህ «ቋሚ» ማለት የማይሰበር፥ የማያረጅ ማለት አይደለም፤ ወንበርም ይሰበራል። «ቋሚ» ማለት እየተጠቀሙበት እንዲጨርሱት ያልተፈቀደ፥ ሒሳቡ ከተረካቢው ላይ የማይወርድ ንብረት ማለት ነው።

ይህ አሳብ ከመዝገብና ከሞዴል ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይምሰለን። መዝገብ ከመታወቁ አስቀድሞ የአማርኛ ቋንቋ ሁለቱን ነገሮች በሁለት ግሦች ለይቷቸው ነበር። እህል፥ ጨውና ገንዘብ እንበደራለን፤ ምጣድ፥ መጥረቢያና መጽሐፍ ግን እንዋሳለን። ከጎረቤቷ አንድ ቁና ጤፍ የተበደረች ሴት ያንኑ ጤፍ ትመልሳለች ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ጤፉ እንጀራ ሆኖ ተበልቷልና። የምትመልሰው በመጠንና በዓይነት የሚተካከለውን ሌላ ጤፍ ነው። ምጣድ የተዋሰች እንደ ሆነ ግን የምትመልሰው ያንኑ ምጣድ ነው። ሌላ ምጣድ ይዛ ብትመጣ የመጀመሪያው የት ሄደ ተብላ ትጠየቃለች። ይህን ልዩነት ማንም ለልጁ ደንብ አድርጎ አያስተምርም፤ ልጁ ግን ገና በአፉ መፍቻ ዘመኑ «መጥረቢያ አበድሩን» እንደማይባል ያውቃል።

የአገራችን አሞሌ ጨው ደግሞ ይህን ነገር ይልቁን ያስረዳል። አሞሌ ገንዘብ ነበረ፤ ያውም ተቆርሶ ወጥ ውስጥ የሚገባ ገንዘብ ነበረ። ቢገዙበትም ቢበሉትም ከባለቤቱ እጅ የሚጠፋ ስለ ሆነ የሚበደሩት እንጂ የሚዋሱት ዕቃ አልነበረም። በባንክ ያለውም ገንዘብ በዚህ ረገድ ከአሞሌ አይለይም፤ ገንዘብን መጠቀም ማለት ከእጅ ማውጣት ነውና።

ከእኛ ርቀው የኖሩት የሮማ የሕግ ሊቃውንትም ይህንኑ ልዩነት በሕግ መጽሐፋቸው አስፍረውት እናገኛለን። ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ533 ዓ.ም. ለተማሪዎች ባወጣው የሕግ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ብድር «ሙቱዩም»፥ ውሰት ደግሞ «ኮሞዳቱም» ተብለው ለየብቻ ተጽፈዋል። ሊቃውንቱ የመጀመሪያውን ቃል ሲተረጉሙ «የእኔ የነበረው የአንተ ሆነ» ከሚል አሳብ የወጣ ነው ይሉ ነበር። በብድር ባለቤትነቱ ራሱ ወደ ተበዳሪው ይሻገራል፤ ስለዚህም የተበደረው እህል በእሳት ቢቃጠል፥ በመርከብ መስጠም ቢጠፋ ወይም በወንበዴ ቢዘረፍ ተበዳሪው ከዕዳው ነፃ አይሆንም። በውሰት ግን ባለቤትነቱ ከአዋሹ ዘንድ ይቀራል፤ ተዋሹም ጥፋት ካልተገኘበት በቀር ከአቅም በላይ በሆነ አደጋ ለጠፋው አይጠየቅም። ሆኖም ለእንግዶች ግብዣ ብሎ የተዋሰውን የብር ዕቃ ለመንገድ ጉዞ ይዞት ቢወጣና ወንበዴ ቢወስድበት ይከፍላል፤ ከተፈቀደለት አገልግሎት ወጥቷልና።

ከእነዚሁ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኡልፒያኖስ አንድ ጥልቅ የሆነ ቃል ተናግሯል። በመጠቀም የሚያልቅ ነገር በውሰት ሊሰጥ አይችልም ካለ በኋላ፥ ለትርኢትና ለጌጥ ብቻ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ይቻላል ይላል። ይህም ማለት የሚበላ ፍሬ እንኳ ለማሳያ ብቻ ተደርድሮ እንዲመለስ ከተሰጠ ለጊዜው ከቋሚ ዕቃ ይቈጠራል ማለት ነው። እንግዲህ አላቂነትና ቋሚነት በዕቃው ባሕርይ ላይ ብቻ የተጻፉ አይደሉም፤ ዕቃው በተሰጠበት ዓላማና በተቀባዩ ግዴታ ላይም የተጻፉ ናቸው።

ይህ ክርክር ከጊዜ በኋላ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታላቅ ሁከት አስነሥቶ ነበር። የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት ምንም ንብረት ላለመያዝ ተስለው ስለ ነበር፥ ሊቀ ጳጳሳቱ ኒቆላዎስ 3ኛ በ1279 እ.ኤ.አ. መነኮሳቱ የሚገለገሉበትን ነገር ባለቤትነት ለመንበረ ጴጥሮስ፥ መጠቀሙን ብቻ ለመነኮሳቱ ለይቶ ነበር። በ1322 እ.ኤ.አ. ግን ዮሐንስ 22ኛ ይህን አሠራር ነቀፈው። ምክንያቱም፥ የሚበላን እንጀራ የሚበላው ሰው «እንጀራው የሌላ ነው፤ የእኔ መብላቱ ብቻ ነው» ሊል እንዴት ይችላል የሚል ነበር። በሚያልቅ ነገር ላይ መጠቀምና ባለቤትነት ሊለያዩ አይችሉም አለ። በዚህ ጠብ ምክንያት የማኅበሩ አለቃ የቼዜናው ሚካኤልና ፈላስፋው ዊልያም ኦካም በ1328 እ.ኤ.አ. ከአቪኞን ከተማ ሸሽተው ሄዱ። መነኮሳቱ ሁሉን ነገር ለማለፍ ብቻ የተዋሱት አድርገው ሊኖሩ ፈለጉ፤ ሊቀ ጳጳሳቱም የበላ ሰው ተውሻለሁ ሊል አይችልም ብሎ መለሰላቸው። በእኛ ቋንቋ ቢከራከሩ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሁለቱ ግሦች፥ በመበደርና በመዋስ፥ ባለቀ ነበር።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የገንዘብንና የመሳሰሉትን ብድር ለብቻው፥ እንዳለ የሚመለሰውን ዕቃ ውሰት ደግሞ ለብቻው ደንግጓል። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፥ ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ነገሩን ከጓሮው ያውቀዋልና።

ኡልፒያኖስ ያመለከተው እውነት፥ ማለት አንዱ ነገር እንደ ዓላማው አላቂም ቋሚም ሊሆን መቻሉ፥ በገበሬው ቤት ከሁሉ ይልቅ ይታያል። በሬ ለሥጋ ነጋዴ አላቂ ነው፤ ለገበሬ ግን ቋሚ ነው። ስንዴ በጎተራ ያለው አላቂ ነው፤ ከዚያው ስንዴ ተለይቶ ለዘር የተቀመጠው ግን፥ በመልክም በጣዕምም ባይለይ፥ ቋሚ ነው። የዘሩን ስንዴ ከምግቡ ስንዴ የሚለየው የገበሬው ቃል ኪዳን ብቻ ነው፤ ያም ቃል ኪዳን ሲፈርስ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ ታሪካችን በመራራ ያስታውሰናል።

በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀው። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ዘመን ይህ ነው። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየው ይህ ረኃብ የተነሣው ዝናብ በመጥፋቱና አንበጣ በመምጣቱ ብቻ አልነበረም፤ በተለይ የሚያርሰው በሬ ስለ ሞተ ነበር። መሬቱ አለ፤ ሰውም አለ፤ በመካከላቸው የነበረው ቋሚ ንብረት ግን ጠፋ። ቀጥሎም የተራበ ቤተ ሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በላ፤ ማንስ ሊፈርድበት ይችላል? ነገር ግን ዘሩ ከተበላ በኋላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ አልተገኘም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርኣያ እንደ ሆኑ ታሪካቸው ይመሰክራል። ንጉሥ ዶማ መያዙ የትሕትና ምልክት ብቻ አልነበረም፤ በሬ የሌለው አገር እንደ ገና ከዶማ መጀመር እንዳለበት ያሳየ ነበር። ያ በሽታ ከዓለም ላይ ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ «ጥሪት» የሚለውን ቃል ክብደት እንረዳለን። ቃሉ ከግእዙ «አጥረየ» የወጣ ነው፤ ገንዘብ አደረገ ማለት ነው። ነገር ግን በአማርኛ «ጥሪት አለው» የሚባለው ዛሬ የሚበላው ያለው ሰው አይደለም፤ ከዛሬ ምግቡ ያተረፈው፥ ለክፉ ቀን የሚደገፍበት ነገር ያለው ሰው ነው። «ጥሪቱን ፈጀ» ሲባልም የምንሰማው ወጪው መብዛቱን ብቻ ሳይሆን፥ ሊነካው የማይገባውን መንካቱን ነው።

ርስትም በጥንቱ ሥርዓት በሚሠራበት አገር ከዚሁ ወገን ነበር። ባለርስት የመሬቱን ፍሬ ይበላል፤ መሬቱን ግን ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል እንጂ እንደ ጥሬ ገንዘብ አያጠፋውም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ያን ሥርዓት ሻረው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለ መሬት ይዞታ የሚደረገው ክርክር ሰፊ ስለ ሆነ በዚህ ልንገባበት አልፈለግንም፤ ልናስገነዝብ የፈለግነው፥ ሥርዓቶች እየተለዋወጡ ሳሉ መሬት እንደ ሌላው ሸቀጥ አያልቅም፥ አይለቅም የሚለው አሳብ በተለያየ ልብስ እየተመለሰ መታየቱን ነው።

አሁን ወደ ሌላው ቃል፥ ወደ «ቅርስ» እንድረስ። ይህ ቃል ቀድሞ በተለይ ሰው ቈጥቦ ያኖረውን ንብረት ያመለክት ነበር፤ ቅርስ የሌለው ሲባል ያጠራቀመው ነገር የሌለው ማለት ነበር። በዘመናችን ግን ትርጉሙ ከአንድ ሰው ቤት ወጥቶ ወደ አገር ሰፋ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 229 ስለ ጥንታዊ ዕቃዎች ጥበቃ ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 209 ደግሞ በስሙ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ተባለ። የአክሱም ሐውልት፥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፥ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራሉ። የቃሉ መስፋት የተገባ ነው፤ አንድ ቤተ ሰብ ጥሪት እንዳለው ሁሉ አገርም ጥሪት አላትና።

የአገርን ቋሚ ንብረት ወደ አላቂነት መለወጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የመቅደላን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት፥ አክሊሎች፥ ጽዋዎች፥ መስቀሎችና ታቦታት ተወሰዱ። ከሳምንት በኋላም በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተደረገ፤ የሐራጁም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በብሪታንያ ሙዚየም ስም የተገኘው ሪቻርድ ሆልምዝ በዚያ ብዙ መጻሕፍትን ገዛ። ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ወደ 350 ይጠጋሉ። አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ለወታደሮቹ የተከፋፈለው ገንዘብ ወዲያው ተበልቶ አለቀ። መጻሕፍቱ ግን አላለቁም፤ እስከ ዛሬ አሉ። አላቂው አለቀ፥ ቋሚው ቆመ፤ ስለዚህም የማስረከቡ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ይህን ሒሳብ ለመጠየቅ ጊዜ አልፈጀም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ሙዚየሙ የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጅ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆልምዝ ለራሱ ይዞት እንደ ነበረ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንግዲህ ከመቅደላ ዘረፋ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላ የተወሰደ መጽሐፍ ሊመለስ እንደሚችል በሥራ ታይቶ ነበር።

የአክሱም ሐውልትም ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ወደ 160 ቶን የሚጠጋው ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ በሮማ ከተማ ተተከለ። በ1939 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፥ ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፥ የሃይማኖት ዕቃዎችና ታሪካዊ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገድዶ ነበር። ዐሥራ ስምንቱ ወር ግን ወደ ስድሳ ዓመት ረዘመ። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ነው፤ ተተክሎም የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እነዚያ ሁሉ ዓመታት የድንጋዩን ባለቤትነት አልለወጡትም። ቢበደሩት ኖሮ በምትኩ ሌላ ድንጋይ ሊሰጡ በቻሉ ነበር፤ ቋሚ ነገር ግን ምትክ የለውም።

በመጨረሻ ወደ ቅርብ ጊዜ እንምጣ። የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት በታሰበበት በ2010 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደውን የወርቅ አክሊልና ጽዋ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ አሳየ። የሙዚየሙም ዲሬክተር ዕቃዎቹ ለኢትዮጵያ በረዥም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። ለዚህ አሳብ ምክንያት የሆነው፥ የአገራቸው ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ የሚከለክል መሆኑ ነው። በቅን ልቡና የቀረበ አሳብ ሊሆን ይችላል፤ ተቀብለው ዕቃውን በዓይን ማየት ይሻላል የሚሉ ወገኖችም ምክንያት የላቸውም አንልም። ዳሩ ግን የቃሉን ትርጉም ለመረመረ ሰው ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። ውሰት ማለት ምንድን ነው? ባለቤትነቱ ከአዋሹ ዘንድ የሚቀር፥ ተዋሹም ያንኑ ዕቃ እንዲመልስ የሚገደድበት ነው ብለናል። እንግዲህ አክሊሉን የሚዋስ ሰው ፊርማውን ሲያኖር አክሊሉ የሌላ መሆኑን ይመሰክራል። ከቤቱ የተወሰደበትን ምጣድ ከወሳጁ ዘንድ ሄዶ የሚዋስ ባለቤት፥ ለአንድ ቀን እንጀራ ይጋግርበት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምጣዱ የእኔ ነው ብሎ ለመናገር አፉ ይያዛል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥያቄ የመመለስ እንጂ የመዋስ ጥያቄ ያለመሆኑ የእልኸኝነት ነገር ሳይሆን የቃል ትክክለኛነት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ቃል በሌላው ላይ ብቻ የምንመዝንበት ልናደርገው አይገባም፤ በእኛም ላይ ይመዝናል። በውጭ ያለውን ቅርስ ለመጠየቅ መብት የሚሰጠን ቃል፥ በእጃችን ያለውን ለመጠበቅ ግዴታ ይጥልብናል። በየገዳሙ ዕቃ ቤት ያሉ የብራና መጻሕፍት በእርጥበትና በአይጥ ይጎዳሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የቈዩ መዝገቦች ቦታ አጣበቡ ተብለው ይጣላሉ፤ የላሊበላም ዓለት በዝናብና በፀሐይ ይበላል። ቅርሱ በሐራጅ ቢሸጥም፥ በቸልታ ቢበሰብስም፥ ከተረካቢው የሚጠየቀው ሒሳብ አንድ ነው። ከወንበርና ከጠረጴዛ ተረካቢ ፊርማ የምትቀበል አገር ከአንድ የብራና መጽሐፍ ተረካቢ ከዚያ ያነሰ ልትጠይቅ አይገባትም።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። ትውልድ ሁሉ ከቀድሞው ትውልድ ሁለት ዓይነት ነገር ይረከባል። አንዱ እንዲበላው የተሰጠው ነው፤ ይህን በልቶ፥ ሠርቶም፥ በምትኩ ሌላ ለልጆቹ ይተካል፤ ይህ ብድር ነው። ሌላው ግን እንዲገለገልበትና እንዳለ እንዲያስተላልፈው የተሰጠው ነው፤ ይህ ውሰት ነው፤ ባለቤቶቹም ገና ያልተወለዱት ናቸው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የግምጃ ቤት ሹም ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዘሩን ከምግቡ ለይቶ ያኖረ ገበሬ ሁሉ ሲሠራው የኖረ ነው፤ በክፉ ቀን ማግሥት የቀረችውንም አንዲት ቁና እህል ከልጆቹ አፍ ለይቶ መሬት ላይ የበተነ ገበሬ ባይኖር ኖሮ እኛ ዛሬ ይህን የምንጽፈውና እናንተ የምታነቡት ባልኖርን ነበር።